የአጎቴ ስንፍና ዋጋው ስንት ነው?

በከተማችን በአንበሳሜ በዚህ ዘመን ወጣቱ ሁሉ ፎቶው ላይ ማርጀት ያምረዋል። ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ ሙሽራ ሳይቀር «ባለ ቀለሙን ለሚዜዎቹ ስጣቸው፤ ለእኔ አንድ የድሮ አድርገህ ሥራልኝ» ይላል። የድሮ ስትል ምን ዓይነት ቢሉት፣ «ያው ጥቁርና ነጭ፣ ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ ጫር ጫር ያለ፣ ጠርዙ ቢበላም አይከፋኝም» ነው መልሱ። ትናንት በስልክ የተነሣውን ፎቶ ሃምሳ ዓመት ሣጥን ውስጥ የከረመ አስመስልልኝ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ፕሪንተር የማድር ሰው ነኝ፤ የመጣ እንጀራ አልገፋም። አስረጅልኝ ያለኝን ሁሉ አስረጅ ነበር።

ችግሩ አጎቴ ነው። በጉብዝናው ወራት ጎንደር ከተማ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ፎቶ ያጥብ ነበር። አሁን ሥራው ሱቄ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ ቡናውን ፉት እያለ፣ አንገቱን አስግጎ የምሠራውን ማየት ነው። አንድ ቀን የሙሽራ ፎቶ ቢጫ ሳለብስ አየኝ።

«ምን ነክቶት ነው?»

«የድሮ አስመስዬው ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄ ድሮ አይደለም ልጄ። ይሄ የእኔ ስንፍና ነው።»

ነገሩን ሲያፍታታው እንዲህ ነው። ፎቶ የታተመበት ወረቀት ሥዕሉን ከሚያወጣው መድኃኒት፣ ከዴቨሎፐሩ ወጥቶ ሃይፖ ውስጥ ይነከራል። ሃይፖ ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ያሟሟል፤ ይህን ጠባዩን እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1819 ደርሶበት፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ፎቶግራፍ ሲመጣ ሥዕል ማጽኛ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ግን ሃይፖው ራሱ በብዙ ውሃ ታጥቦ ከወረቀቱ መውጣት አለበት። ረዳቱ ወደ ምሳው ቸኩሎ አለቅልቆ ብቻ ካወጣው፣ የቀረው ሃይፖ ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ቢጫ ያደርገዋል። «ለዚህ ቢጫ በጥፊ ተመትቼበታለሁ፤ አንተ በገንዘብ ትሸጠዋለህ?» አለኝ። ጫር ጫሩስ ብለው፣ «እሱ የእኔ አይደለም፤ ኔጌቲቩን አቧራ ላይ የጎተተው ሌላው ልጅ ነው» ብሎ ከግማሹ ጥፋት ራሱን ነፃ አወጣ።

እንግዲህ የድሮ መልክ እያልን የምንከፍልበት የሰነፍ ረዳቶች የክስ መዝገብ ኖሯል! ያ ፎቶ ደንበኛው እጅ በገባበት ቀን ጥቁሩ የጀበና ቂጥ ነበር፤ ነጩም ነጭ። ጃንሆይን ያነሣ የነበረው ቶኒ ቦያጂያን፣ ከእሱም በፊት ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የሠራው አርመናዊው አባቱ ቤድሮስ፣ ንጉሥን የሚያህል ሰው አበልዘው ቢያቀርቡ ኖሮ ምን ይውጣቸው ነበር?

አጎቴ በዚህ አላበቃም። ኮምፒዩተሩ ላይ ጠጠር ስጨምርበትም አየኝ። ፊልም ሲጎላ የሚታየው የብር ቅንጣት ነው እሱ፤ ወጣቱ ቶሎ «የድሮ ነው!» የሚለው እሱን ሲያይ ነው። አጎቴ ግን የፎቶ ቤታቸው ካሜራ ስድስት በስድስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ ፊልም ይጎርስ ነበርና፣ ከዚያ የታተመ ትንሽ ጉርድ ፎቶ ላይ ጠጠር በአጉሊ መነጽርም ቢፈለግ አይገኝም ባይ ነው። ጠጠር የሚበዛው ጠባብ በሆነው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የሚታየው መካከለኛው ግራጫ ላይ ነው እንጂ፣ ድፍን ጥቁሩና ንጹሕ ነጩ ላይ እምብዛም አይደለም። እኔ ግን ከሙሽራዋ ቬሎ እስከ ሙሽራው ጫማ ድረስ እኩል ነስንሼው ነበር።

«ታዲያ ምን ልሥራ?» አልኩት።

«እጅህን አስገባ!»

ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ወረቀቱ በማያየው ቀይ መብራት ሥር፣ ፊልሙን ወረቀት ላይ ከሚያጎላው ከኢንላርጀሩ በሚወርደው ብርሃን መካከል እጅ ይገባል። ሽቦ ላይ የተለጠፈ ክብ ካርቶን ፊት ላይ ሲወዛወዝ ፊቱ ብርሃን ይቀንስለትና ይፈካል። ሁለት መዳፍ ተገጣጥሞ ቀዳዳ ሲተው ደግሞ በዚያ ያለፈው ብርሃን የነጠላውን ጥለት ያጠቁረዋል፤ ያለዚያ ነጠላው ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ፎቶሾፕ ላይ ያሉትን ሁለት ምልክቶች አሳየሁት፤ አንዱ ዘንግ ላይ ያለ ክብ፣ ሌላው የተጨበጠ እጅ። አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ይሄ የእኔ ሽቦ አይደለም እንዴ!»

ሽቦውስ እውነትም ከጨለማ ክፍል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበውን ፎቶሾፕን የሠሩት ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል፣ አባታቸው ምድር ቤት ውስጥ ጨለማ ክፍል የነበራቸው የአሜሪካ ልጆች ናቸው። ይህን በነገርኩት ማግስት አጎቴ ከእነሱ የሚፈልገውን ካሣ ማስላት ጀመረ።

እስኪከፍሉት ድረስ ግን እኔን ያሠራኛል። መጀመሪያ ቀለሙን ዝም ብለህ አትግፈፍ ይላል። አረንጓዴና ቀይ ጥለት ድምቀታቸው ከተቀራረበ ወደ ግራጫ ሲለወጡ አንድ ይሆናሉ፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ድራሹ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው አደምቃለሁ ወይም አደበዝዛለሁ። ሰማያዊውን ሳጠቁር ከጉማራ ወንዝ በላይ ያለው ሰማይ ደመናውን ያወጣል፤ ድሮ ይህን የሚሠራው ሌንስ ላይ የሚገጠም ቀይ ወይም ብርቱካናማ መስታወት ነበር። ብርቱካናማውን ከፍ ሳደርግ ደግሞ የሰው ፊት ይፈካል። አጎቴ ጎንደር እያለ፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ መሆኑን እያወቀ «ቀላ አድርገኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም ነበር አሉ። ይህን ሁሉ ጣጣ የማያውቀው የፎገራ ከብት ብቻ ነው፤ ከእናቱ ማኅፀን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ምንም ቢያደርጉት ያምርበታል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። የፎቶ ወረቀት ከ0 እስከ 5 ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ለስላሳ፣ ሲበዛ ጥቁርና ነጩን አፋጥጦ የሚያፋጅ። ስልክ ግን ጥላውንም ጸሐዩንም አስታርቆ ሁሉን ነገር እኩል ያሳያል፤ ሽምግልና ለፎቶ አይበጅም። ስለዚህ ጥላውን ወደ ጥላነቱ እመልሳለሁ። ከዚያ ጠርዞቹን በመጠኑ አጠቁርና ዓይን ወደ ፊት እንዲሄድ አደርጋለሁ። ይህንም አጎቴ በመዳፉ ይሠራው ነበር።

የመጨረሻው ትምህርት ግን ገበያዬን ሊያሳጣኝ ነበር። እርጥብ ፎቶ ፈክቶ ይታይና ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ስለዚህ አጣቢ ሳይደርቅ አይፈርድም። የእኔም ነገር ከዚያ አይለይም፤ ስክሪን ከውስጡ ያበራል፣ ወረቀት ግን የተበደረውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። አሁን አትሜ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት በር ላይ፣ በቀን ብርሃን አይቼ አስተካክዬ ደግሜ አትማለሁ። ደንበኛው «አሁን አይደርስም?» ሲለኝ መልሱን ከበሩ የሚሰጠው አጎቴ ነው፤ «ከሦስት ቀን በኋላ ና!» ሁለተኛው ቀን ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም፣ ሦስተኛውንማ ተወው። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ፦ ተመላልሶ የወሰደ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ፎቶውንም በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። ስልኩ ላይ ያሉትን ሺህ ፎቶዎች እንዲያ ሲይዛቸው አይቼው አላውቅም።

ከሁሉ የጠቀመኝ መብራት ሲጠፋ ነው። ድሮ ደንበኛ ፊት ይቅርታ እየጠየቅሁ እሳቀቅ ነበር። አሁን ገና ድርግም ከማለቱ አጎቴ በሩን ገርበብ አድርጎ የመጣውን ሁሉ ውጭ ያስቆመዋል፦

«ቀስ! እንዳትከፍተው፤ ልጁ ጨለማ ክፍል ገብቷል።»