ሪባን ይቆረጥ፣ ሥራ ይፈጠር

ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ፋብሪካ በተመረቀ ቁጥር ዜናው የሚያልቅባት አንዲት ሐረግ አለች፦ በሙሉ አቅሙ ሥራ ሲጀምር ለዚህን ያህል ሺህ ዜጎች ቋሚና ጊዜያዊ የሥራ ዕድል ይፈጥራል። በሰማኋት ቁጥር ደሜ ቢፈላም የቆጣሪውን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም።

የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በአሪዞና ለሦስት የቺፕ ፋብሪካዎች 65 ቢሊዮን ዶላር አወጣለሁ ሲል፣ ቃል የገባው ቋሚ ሥራ 6 ሺህ ገደማ ነበር። የግንባታውን ሠራተኛ ለብቻው ጠራው። ምስኪን! መደመር እንኳ አላወቀበትም። ያንን ፋብሪካ ለሱሉልታ ቢሰጡን ኖሮ ገና የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ግማሽ ሚሊዮን እናስገባ ነበር።

የእኛ ሰው ጉድጓድ የቆፈረውንም፣ ድንኳን የተከለውንም፣ መቀሱን በሳህን ይዞ የቆመውንም ይደምራል። ቀጥተኛ ያልሆነው ሥራማ መች አለቀ! በሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ወጣቱ ዲግሪውን በፕላስቲክ ይዞ ይሰለፋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁለተኛ ማሽን ያስገባል፤ አንድ ሥራ። ወረፋው ሲረዝም ወረፋ ያዥ ይመጣል፤ ወረፋ ያዡ ሲርበው ቆሎ ሻጭ፤ ቆሎ ሻጯ ስትደክም ባጃጅ። ደላላው «ውስጥ ሰው አለኝ» ይላል። የውስጡ ሰውም በበኩሉ ውስጥ ሰው አለው። ልምድ ሁለት ዓመት ሲባል የልምድ ወረቀት አዘጋጅ ብቅ ይላል። እንዲህ እያለ ያልተቀጠረው ተሰላፊ የመንደሩ ዋና አሠሪ ሆኖ ቁጭ! ፋብሪካው ጨርሶ ባይቀጥር ሰልፉ ስለማይበተን ሥራው ይበልጥ ዘላቂ ነው።

አይካ አዲስ በ2002 ዓ.ም. ሰበታ፣ ዓለም ገና ላይ ሲከፈት የጨርቃ ጨርቁ ዘርፍ ኩራት ነበር፤ በእርግጥም ሺዎችን ቀጥሯል። በብድር ዕዳ ተይዞ ልማት ባንክ ሲረከበው ግን፣ እንጀራው የተነካበትን «ቀጥተኛ»ና «ቀጥተኛ ያልሆነ» ብሎ የቆጠረ አልሰማሁም። ሲከፈት የሚቆጥር፣ ሲዘጋ የሚጠፋ ሹም ውሸታም ነው።

የማይዋሽ ቆጠራ ከተፈለገ ግን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ አለ። አሠሪው ከደመወዙ 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ጋዜጠኞች፣ የምረቃው ቀን ኬክ ብሉ፤ በዓመቱ ግን ተመለሱና መዋጮ የሚገባላቸው ስንት እንደሆኑ ጠይቁልን።