መውጋቱንስ ተማርክ፤ ማውጋቱን ማን ያስተምርህ?

«መድኃኒት ቋንቋ የለውም!» አለ አንዱ የጤና ባለሙያ፣ አሰላ መሀል ከተማ ማኪያቶውን እያማሰለ። ሰማችሁልኝ ጎበዝ? መድኃኒት ቋንቋ የለውም። ልክ ነው! አሞክሳሲሊን አፍ አውጥቶ አያውቅም። ሽሮፕ ሲሳደብ የሰማ የለም። አፍ ያለው ሰጪው ነው! መርፌው አንዴ ወግቶ ያርፋል፤ አንተ ግን ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት ቤት ስትወጋ ትውላለህ። መውጋቱንስ ተማርክ፤ ማውጋቱን ማን ያስተምርህ?

ና እስቲ፣ ቋንቋ የማያስፈልግህ ሊቅ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ቁጭ በልና በሽተኛ ተቀበል። ከዲገሉ የመጡ አባት «ኢጃ» አሉህ። እጃቸውን ይዘህ ታገላብጣለህ። ዓይናቸውን ነው ያመማቸው! ኢጃ በአፋን ኦሮሞ ዓይን ነው። ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ዓይናቸውን አላየህላቸውም። ቀጥሎ ያሉት እናት «መታ» አሉህ። «ማን መታሽ? ባልሽ ነው?» ብለህ ፖሊስ ልትጠራ ተነሳህ። ማንም አልመታቸውም፤ መታ ማለት ራስ ነው፣ ራሳቸውን ነው የፈለጣቸው። «ጉራ» ያሉህ ሽማግሌ ጆሮዬን ማለታቸው ነበር፤ ሌላው ጉራ ያለው አንተው ዘንድ ነው። «ገራ» ሲሉህ በመስኮት ወደ ጋራው ዞርክ። ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመውን ጭላሎን ምን ሊያመው? ሆዳቸውን ነው! ይኸን ሁሉ ይቅር እንበልህ። «ቲሩ» ያሉህን ሰውዬ ግን «ጥሩ ከሆኑ ለምን መጡ?» ብለህ ሸኘሃቸው። ቲሩ ጉበት ነው፣ ወዳጄ! የጉበት በሽተኛ «ጥሩ ነዎት» ተብሎ ቤቱ ሲመለስ፣ ያ ቋንቋ የሌለው መድኃኒትህ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«አስተርጓሚ ይዘው ይምጡ!» ነው ያልከው? ይዘው መጡልህ፤ የአሥር ዓመት ልጃቸውን። እናት የማህፀኗን ሕመም በወንድ ልጇ አፍ ትንገርህ? ዝም አለች። አንተም «ምንም የለባትም» ብለህ ጻፍክ። ኧረ ያንተን ቋንቋስ ማን ይተርጉምልን! «ላብ ሂጂ» ትላታለህ። ከንጋት ጀምራ ወረፋ ላይ ቆማ አልቧታል፤ ሌላ ላብ ከየት ታምጣ? «ኔጋቲቭ ነሽ» ስትላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ፖዘቲቭ ነህ» ያልከው ጎረቤቷ ደግሞ ሊያቅፍህ ምንም አልቀረው። ላቦራቶሪ ብሎ መጨረስ ያቃተው ምላስ፣ «ቋንቋ አይችሉም» ለማለት ግን ይቸኩላል።

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ጊዜ የለኝም» አልክ? ወረፋው እውነት ነው። ባንድ ተረኛ ላይ ስንት ሰው እንደሚከመር አይተናል፤ ለእሱ ከልባችን እናዝናለን። ግን ና አብረን እንቁጠር። «አንቺ ሴትዮ፣ ስንቴ ልንገርሽ፣ አትሰሚም እንዴ?» ስድስት ቃል። «አከም ጅርቱ፣ አዴ?» ሦስት ቃል። ስድቡ የሰላምታው እጥፍ ነው! ጊዜ ያጠረህ ስድብ ስላበዛህ ነው። ያው ወረፋ ያለባቸው፣ ያው ደመወዝ የሚበሉ፣ አፋቸው ከእጃቸው ቀድሞ የሚያሽር ነርሶች አሰላ ሞልተዋል። አንተ ያቆሰልከውን ሲጠግኑ የሚያመሹት እነሱ ናቸው።

«ባህላቸው ነው፣ ሐኪም ቤት መውለድ አይወዱም» የምትለዋ ወሬ ደግሞ ጡረታ ከወጣች ቆየች። በ1997 ዓ.ም. የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲካሄድ፣ ከ100 ወሊድ ጤና ተቋም ውስጥ የሆነው 5 ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆነ። በ2011 ዓ.ም. 48 ገባ። ባህል በ14 ዓመት እንዲህ ተስፈንጥሮ ያውቃል? የቀረበው መንገዱ ነው፤ አምቡላንሱ ነው፤ ከገዛ ቀበሌዋ ተመልምላ የሰለጠነችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤቷ ገብታ፣ ቡናዋን ጠጥታ፣ በቋንቋዋ አወጋቻት። ጤና ጣቢያውም የእናቶች ማቆያ ከፍቶ ገንፎ ሲያገነፋና ቡና ሲያፈላ እናቶች እግር አበዙ። የገንፎ ማማሰያ የፈታውን ነገር ያንተ ዲግሪ አልፈታውም!

«ተንበርክኮ መውለድ ኋላቀርነት ነው፣ ጀርባሽ ላይ ተኚ!» ብለህ የጮህክባት እናት ትዝ ትልሃለች? የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ መመሪያ እናቲቱ በመረጠችው አኳኋን ትውለድ ብሏል፤ ቀጥ ብላም ቢሆን። የአያትህ ጉልበት ጄኔቫ ገባ፤ አንተ ገና አልተነሳህም።

ደሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለህ ተረትክብን። ተረቱ ልክ ነው። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን ከማን ነው? ከሚሸሸው ነው! ዝሆኔ የሚሉትን የእግር እብጠት ውሰድ። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዓይነት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ጫማ ቢገባበት ይሻለዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ስለዚህ በሽታ ሲጠየቁ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ተላላፊ ነው» አሉ፤ ሲያክሙ እንዳይዛቸው ይሰጉ ነበር። የሚተላለፈውስ ፍርሃቱ ነው! ከሐኪሙ ወደ ነርሷ፣ ከነርሷ ወደ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ወደ ሰፈሩ። ታመው የመጡት ታምተው ተመለሱ። ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ አሰርክላቸው፤ ግፉንስ በምን ለካኸው?

«ባላገር ናቸው» ነው ያልከው? በል እንግዲህ ያዘው! በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ሮጣ ወርቅ ስታጠልቅ «የኛ ልጅ!» ብለህ አልዘለልክም? ቀነኒሳም ጥሩነሽም ከበቆጂ ሲወጡ «የኛ!» አላልክም? ያቺው የበቆጂ እናት ጋቢዋን ደርባ ወረፋ ላይ ስትቆም ግን «ያቺ ባላገር» ሆነች። ሜዳልያው የኛ፣ እናቲቱ የነሱ? ተራ ስለጠበቀች ተራ ሰው መሰለችህ!

አሁን ግን ደፈርክ። «ሴቶቻቸውን ማክበር እኛ እናስተምራቸው» አልክ። ሲንቄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ባንኩን አላልኩህም! የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ እጅ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። አራስ የሰደበ፣ ሚስቱን የደበደበ ካለ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እሪ ብለው ይወጣሉ። እሳቱ ሳይነድ፣ ላሟ ሳትታለብ ይውላል። አጥፊው ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪክስ ወደ ቤት የሚመለስ የለም። በመንደሯ አራስ መዝለፍ ሀገር የሚያስነሳ ነውር የሆነባት ሴት፣ አንተ ዘንድ ምጥ ይዟት ስትጮህ «ያኔ መች ጮኽሽ?» ትባላለች። ማን ነው ኋላ የቀረው? እነዚያ ሴቶች ያን ዕለት በትራቸውን ይዘው ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቢደርሱ፣ ጋወንህን ጥለህ በመስኮት ነበር የምትወጣው!

ባለፈው እዚሁ አርሲ ውስጥ አንድ ካርድ ክፍል ፊት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። ሕፃኑ ትኩሳት ይዞታል፤ ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ለጥፎ ያቃስታል። ጸሐፊው ቀና ሳይል «የልጁ ስም?» አለ። ነገረችው። «የአባት?» በሹክሹክታ ነገረችው። «የአያት?» ዝም። «ስሚ እንጂ፣ የአያት!» ዝም። መሬት መሬት ታያለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «የልጅሽን አያት ስም እንኳ አታውቂም?» ሲል ከኋላ ሳቅ ተነሳ።

ታውቀዋለች እንጂ! የልጁ አያት የሷ አማት ነው። አርሲ ዘንድ አማት ወዩ ነው፤ የተከበረ፣ የሚፈራ፣ ምራት ስሙን እንዲህ በዋዛ የማታነሳው። ማሪት ኦስተቦ የምትባል ኖርዌጃዊት ተመራማሪ ባሕር ተሻግራ መጥታ የአርሲን ወዩ አጥንታ ጽፋበታለች። የኛ ሰው ግን ጋራው ሥር ተቀምጦ ወሬውንም አልሰማ። ቅጹ ላይ ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። እሱ ድንቁርና መሰለው፤ እሷ ክብሯን አስቀምጣበታለች።

ይኼኔ ከጎኗ የነበሩ አሮጊት ምርኩዛቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ቀረቡና የአያቱን ስም ጮክ ብለው ነገሩት። ጻፈ። እሳቸው ግን ከመስኮቱ አልተነሱም። ክርናቸውን አስደግፈው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ልጄ፣ ትዳር ይዘሃል?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«የሚስትህን እናት ማን ብለህ ነው የምትጠራቸው?»

«እ… እማዬ ነው የምላቸው።»

«ውይ! ስም የላቸውም?»

ሳቁ ዞረ። የሰውዬው ጉራ ቀላ፤ ጆሮውን ማለቴ ነው። ካርዱን ሞልቶ፣ ብድግ ብሎ፣ በሁለት እጁ ለልጅቷ ሰጣት። ቀጣዩን ተረኛ «ይቅረቡ አባባ» ብሎ ጠራቸው።