ተያዥ የሌለው ቧንቧ አይነካም

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አቀበቱ ሲጀምር ካለነው ነዋሪዎች ውስጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቧንቧ ማንኮራፋት ሰምቶ ባልዲ ይዞ የማይነሳ የለም። ባለፈው ቅዳሜም ውሃችን እንደ ልማዷ መጣች፤ መጥታም ከማእድ ቤቱ ገንዳ ሥር ያለውን ቱቦ ገንጥላው ወጣች። የቆጣሪው መዝጊያ ዝጎ አልዞር አለኝ። ሳፋ ደቅኜ፣ ሲነጋጋ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው በሃያ ደቂቃ ደረሰ። ከግቢው በር ላይ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመ።

ስለዚህ ጉዳይ የሰፈራችን ኮሚቴ ሊመሰገን ይገባዋል። በቅርቡ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ለሥራ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ማንኛውም ሰው፣ ቧንቧ ሠራተኛም ይሁን የዲሽ ሰው፣ ልብስ አጣቢም ትሁን ሞግዚት፣ መታወቂያውን ከነኮፒው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የደመወዝ ደብዳቤ ያለው ተያዥ ሳያቀርብ ከበሩ አያልፍም። ደንቡን ሳነበው እንባዬ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሬን ለአናጢና ለቀለም ቀቢ እንዲያው በዘፈቀደ ስከፍት እንደኖርኩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ፋይዳውን አሳየ። ይህ እንግዲህ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ፣ የአሥር ጣቱን አሻራ፣ የሁለት ዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ወስዶ 12 አሃዝ የሰጠው የአገር መታወቂያ ነው። ዘበኛችን ስልኩን ራቅ ቀረብ አድርጎ አየና መለሰለት።

«ይሄ ማን እንደሆንክ ነው የሚለው። ማን እንደሚይዝህ አይልም።»

እውነቱን ነው። ተያዥ ያልተጠየቀ ባለሙያ የት እንደሚደርስ ከታሪክ መማር ይቻላል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ሸዋ ሲገባ ደመወዝተኛ ተያዥ ይዞ እንደመጣ የሚናገር ጽሑፍ አላየሁም። በዚያ ቸልተኝነት የተነሳ ሰውየው ለአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ እስከ ማስገባት ደረሰ። በዚያም ሳያበቃ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ኮሚቴያችን ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ግቢው እስከ ዛሬ በእንስራ ይቀዳ ነበር፤ አንድ ማንኪያ ግን አይጠፋም።

ኮሚቴውን የሚያስመሰግነው ሌላው ነገር ቅጹ ነው። «ለሚያጠፋው ማንኛውም ንብረት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል ተያዡ የሚፈርምበት መስመር። ማንኛውም፣ ሁሉ። እንዴት ያለ ሙሉ ዋስትና ነው! አንድ ጠበቃ ጎረቤቴ ብቻ ቅጹን አይቶ ሳቀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1922፣ ዋስ የሚሆነው ሰው እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል። እንግዲህ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ከሠርግ አልበሙ ጋር ያስቀመጥናቸው የተያዥ ወረቀቶች፣ ገንዘቡ ያልተጻፈባቸው ሁሉ፣ ሽንኩርት ቢጠቀልሉባቸው ይሻላል። ያውም ተያዡ ደላላው ከመንገድ ላይ በመቶ ብር ያስፈረመው ሰው ካልሆነ ነው።

ወረቀት ካልያዘ ታዲያ የአባቶቻችን ቁራኛ ይመለስ ባይ ነኝ። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ሲብስም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይለያዩም ነበር። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጎረቤታችን እያለ የነጠላ ችግር የለብንም። የሰውየውን ጫፍ ከእኔ ጫፍ እቋጥራለሁ። ገንዳው ሥር ሲገባ አብሬው እገባለሁ። ሁለት ሰው አይችልም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። ውሃው እሱን አንዴ፣ እኔን ሁለቴ ይመታናል። «ጋሼ፣ ጎማው ነው ያረጀው፤ ወርጄ ልግዛ» ይላል። አብረን እንወርዳለን። የታክሲው ረዳት የሁለት ሰው ሒሳብ ይቀበልና «ወራጅ ሲኖር አንድ ላይ ዝለሉ» ይለናል። ከእንጦጦ ማርያም ጠበል በቢጫ ጀሪካን ቀድተው የሚመለሱ እናት ቋጠሮውን አይተው፣ አንዳችን ታመን ሌላችን ጠበል እየወሰድነው መስሏቸው፣ «እሷው ትማርልህ ልጄ» ይላሉ። ለየትኛችን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁለታችንም አሜን እንላለን። ሱቁ የሚሸጥልን ጎማ ይሰፋል። ተመልሰን እንወጣለን። እንደገና እንወርዳለን። ምሳ በአንድ ሳህን እንበላለን፤ ቀኝ እጁ ከግራ እጄ ጋር ስለታሰረ እሱ ሲጎርስ እኔ እጄን አነሳለሁ። ይመሻል። ሰውየው ቤቱ መግባት አለበት፤ ሥራው ግን አላለቀም፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ቋጠሮ አያስፈታም። ስለዚህ አብሬው ቤቱ እሄዳለሁ። ያንኳኳል። ሚስቱ በሩን ገርበብ ታደርግና ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኛለች።

«እኚህ ሰውዬ ማናቸው?»

«አሠሪዬ ናቸው።»

«ማን ያውቃቸዋል? ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ እዚህ ቤት። ተያዥ አላቸው?»

ኪሴን እፈትሻለሁ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አለኝ፤ ማን እንደሆንኩ ነው የሚለው። የኮሚቴያችንን ሊቀ መንበር ስልክ እሰጣታለሁ። «እሳቸውንስ ማን ይይዛቸዋል?» ትለኛለች። በሩ ይዘጋል፤ ነጠላው በሩ ውስጥ ይቀረቀራል።

መቀለዱን እዚህ ላይ አልቻልኩም። ደላላ እጇን ይዞ ወደማታውቀው ቤት የሚያስገባት የ14 ዓመት ልጅ ስለዚያ ቤት አንድ ቃል የሚነግራት የለም። አባወራው ማን ነው፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ለምን ወጣች፣ የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፤ ለዚህ ቅጽ አልታተመም። ተያዥ የምንለው የዕቃ ተያዥ ነው። በ1996 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 377፣ ግል ቤት ውስጥ የሚያገለግሉትን ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል አለ። በ2011 የተካው አዋጅ 1156ም ያንኑ ይወስናል አለ። በመካከሉ 15 ዓመት አለ። ኮሚቴያችን ግን ደንቡን በአንድ እሑድ ከሰዓት አጽድቆታል፤ ለቴሌቪዥናችን ሲሆን እንዲህ ፈጣኖች ነን።

ሌባ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ላፕቶፕ የወሰደው ሰው ተያዥ ነበረው፤ ተያዡ ስልክ አያነሳም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሳፋው ሦስት ጊዜ ሞላ፣ ምንጣፉ ረጠበ፣ ባለቤቴ ከመስኮት እየጮኸች ነው። መጨረሻ ላይ መላ መጣልኝ። ቅጹን ተቀብዬ «የአሠሪ ስም» በሚለው ስሜን ጻፍኩ፤ «የተያዥ ስም» በሚለውም ስሜን ጻፍኩ። ሰውየው ከእኔ ለሚሰርቀኝ ነገር ሁሉ እኔ ለእኔ ኃላፊ ሆንኩ። የገንዘቡን መጠን አልሞላሁም። ዘበኛው ሁለቱን ፊርማዎች አመሳከረ።

«ይመሳሰላል» አለና አስገባው።

ሥራው 11 ደቂቃ ፈጀ። ጎማው ነበር ያረጀው፤ ትርፍ ጎማ ደግሞ በቦርሳው ነበረው። ሒሳቡን በቴሌብር ላክሁለትና «ደርሶሃል፣ በል ሂድ» አልኩት። ስልኩን አየ፤ ኔትወርኩ ከተራራው ጋር እንደ ወትሮው ተጣልቷል።

«ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት» አለኝ፣ ቦርሳውን መሬት ላይ እያስቀመጠ። «መልእክቱ እስኪገባ በሩ ጋ ልቁም።»