ደስታ ቀልድ አይደለም

ጀርመን አገር ላይፕዚግ ሄደው ለመዝናናት የቆረጡ አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመው ፊትዎን ኮስተር ያድርጉ። እዚያ መዝናናት እንደኛ «እስቲ ወጣ እንበል» ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም። ዝግጅት ይፈልጋል፤ የቀን መቁጠሪያ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም የአባልነት ፎርም ይፈልጋል። ሳይዘጋጅ ወጣ ያለ ሰው ተዝናና አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው።

ከተማዋ ለኛ ባዳ አይደለችም። ከ2004 ጀምሮ (ዓመታቱንና ቀናቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ) የአዲስ አበባ እህት ከተማ ናት። ከዚያም በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ስንቱ የኛ ተማሪ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛውን አፍታቶ፣ ያኔ በካርል ማርክስ ስም ይጠራ በነበረው ዩኒቨርሲቲዋ ዲግሪውን ይዞ ተመልሷል። ሆኖም እህት ናት ብለው ዘው እንዳይሉባት። እኛ ዘንድ እህት ቤት የሚኬደው ሲናፍቁ ነው፤ ላይፕዚግ ግን እህትም ብትሆን «ቴርሚን» ይያዝላታል። መዝገበ ቃላት ቴርሚን ማለት ቀጠሮ ነው ይላል። አይመኑት። ቀጠሮ ይረሳል፣ ይዛወራል፣ «ታክሲ አጣሁ» ይባልበታል። ቴርሚን እንደ ስለት ነው።

ይህን የተማርኩት ቆሜ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ላለ ኮንሰርት ትኬቴ 20:00 ይል ነበር። በእኛ የምሽቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን በትክክል አሰላሁ፤ ስሌቱ ላይ ምንም ስሕተት የለብኝም። ስሕተቱ የመጣው ሁለት ሰዓትን በአበሻ ልማድ ስተረጉመው ነው። ሁለት ከአምስት ላይ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ጠባቂዋ ሴትዮ አልተቆጡኝም፤ ሰዓታቸውን እንኳ አላዩም፤ እኔን ነው ያዩኝ። እስከ እረፍቱ ድረስ ካፖርቴን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከበሩ ጀርባ ቫዮሊኖቹ በደንብ ይሰማሉ፤ ይህን ለሚያረፍድ ወዳጄ ሁሉ እንደ ማጽናኛ እነግራለሁ።

ጨርሶ የማይቀርበት ቦታ ጌቫንትሃውስ ነው። ስሙ ሲፈታ «የጨርቅ ቤት» ማለት ነው፤ አይሳቁ። በ1743 የከተማዋ ባለጠጎች ገንዘብ አዋጥተው አሥራ ስድስት ሙዚቀኞች ያሉት ቡድን አቋቋሙ። በ1781 ቡድኑ የጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ ውስጥ አዳራሽ ተሠራለት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ሸማ ተራ ፎቅ ላይ የተቋቋመ የሙዚቃ ቡድን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም «ሸማ ተራ» እየተባለ ዓለምን ሲዞር ያስቡት። የዛሬው ሕንፃ ሦስተኛው ነው፤ በ1981 ተከፈተ። ኦርጋኑ ላይ በላቲን የተጻፈ መፈክር አለ። ሐሳቡ ከሴኔካ የመጣ ሲሆን፣ እውነተኛ ደስታ ጥብቅ ጉዳይ መሆኑን ያሳስባል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ የሚለጠፈው ትራንስፎርመር ላይ ነው።

ማሳሰቢያውን በቁም ነገር ይያዙት። አንድ ሲምፎኒ ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ዝም ይባላል። እጅዎ ለጭብጨባ ከተነሳ ፀጉርዎን ያስተካክሉበት። እልልታማ አይታሰብም። በዚያች ክፍተት የተፈቀደው ሳል ብቻ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጉሮሮውን አፍኖ የቆየ ሕዝብ የመሪው እጅ ወረድ ሲል ባንድ አፍ ያስላል። አንድ ምሽት ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት ኮንሰርቱ ሳይጀመር የከረሜላቸውን ወረቀት አንድ በአንድ ልጠው መሐረባቸው ላይ ደረደሩ። አራት ከረሜላ፣ ለአራት ክፍል። ይህ ሕዝብ ባቡር ሠርቶ ለምን እንደተሳካለት የገባኝ ያኔ ነው። (ባቡሩ አሁን አሁን ይዘገያል። ከረሜላው ግን አልዘገየም።)

ቡና ላይ ትዕግሥትዎን ይዘው ይሂዱ። መሀል ከተማ ከ1711 ጀምሮ ቡና የተቀዳበት ቤት አለ፤ በአውሮፓ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከበሩ በላይ የተቀረጸውን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ የቱርክ ልብስ የለበሰ ሰው ከቡና ዛፍ ሥር ጋደም ብሏል፤ በእሱና በአንድ ክንፋም ሕፃን መሀል ስኒ አለ። የቤቱ ስም ደግሞ «የዐረብ ቡና ዛፍ»። ቱርኩ አለ፣ ዐረቡ አለ፣ ባለክንፉም አለ፤ ከፋ የለም። ይህን አይተው ለአላፊ አግዳሚው የካልዲን ፍየሎች ታሪክ ማስረዳት ያምርዎታል። ይተዉት። ሰዎቹ ቴርሚን አለባቸው።

ላይፕዚግ የምትገኝበት የሳክሰኒ ክልል ሰዎች ቡና ከመውደዳቸው የተነሳ «የቡና ሳክሶኖች» ይባላሉ። የቀጠነ ቡናን «የአበባ ቡና» የሚሉትም እነሱ ናቸው፤ ስኒው ሥር የተሳለችው አበባ በቡናው ውስጥ አልፋ ስለምትታይ። በኛ ሥርዓት ይህ በረካ እንኳ አይደለም፤ ከበረካ በኋላ ጀበናው የተለቀለቀበት ነው። ቢሆንም ይጠጡ፤ «ጥሩ ነው» ይበሉ። ለቡና ያላቸውን አክብሮት የሚጠራጠሩ ከሆነ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ያስታውሱ። በዚችው ከተማ፣ በ1730ዎቹ፣ ስለ አንዲት የቡና ሱሰኛ ልጃገረድ ካንታታ ሠርቷል። አባትየው ቡናሽን ካልተውሽ ባል የለሽም ይላታል። እሷም እሺ ትላለች፤ ግን በጋብቻ ውሉ ላይ ቡና የማፍላት መብቷ እንዲሰፍር ውስጥ ውስጡን ታደርጋለች። ልብ ይበሉ፤ ሱሷ እንኳ በውል ነው።

ከቡናው ጋር «የላይፕዚግ ሎርቸ» የሚባል ትንሽ ኬክ ይቀርብልዎታል። ሎርቸ የወፍ ስም ነው። ድሮ እውነተኛዋን ወፍ ጠብሰው ይበሏት ነበር፤ በ1876 አደኑ ሲከለከል ዳቦ ጋጋሪዎቹ በለውዝ ሠርተው ተኳት፤ ላዩ ላይ የተጠላለፈው ሊጥ ወፏ የምትታሰርበትን ክር ለማስታወስ ነው። ጾመኛ ከሆኑ ይጠንቀቁ፤ ወፍ የለበትም፣ ቅቤ ግን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አትክልቱ ቦታ እንምጣ። ባቡርዎ ከተማዋ ሲቃረብ በሐዲዱ ዳርና ዳር ትንንሽ ጎጆዎች ተደርድረው ያያሉ። ድሃ ሰፈር መስሏቸው የሚያዝኑ እንግዶች አሉ። አይዘኑ። ይህ ሽሬበርጋርተን ይባላል፤ በውስጡ ጡረታ የወጣ ዳኛ ቲማቲም እያጠጣ ሊሆን ይችላል። በከተማዋ እንዲህ ያለ ቁራጭ መሬት ከ30,000 በላይ ነው። ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ላይፕዚግ ነው፤ ሙዚየምም አለው። ስሙ የተወሰደው ሞሪትስ ሽሬበር ከሚባል ሐኪም ሲሆን፣ ልጆች ጎብጠው እንዳይቀመጡ የሚያደርግ መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ነበር፤ እንግዲህ የደስታ ጉዳይ በምን ዓይነት እጅ እንደገባ ይመልከቱ። እሱ ግን አትክልቱን በዓይኑ አላየም። በ1861 ሞተ፤ በ1864 አንድ ርእሰ መምህር ማኅበር ሲያቋቁም በሟቹ ስም ጠራው። ዓላማው የልጆች መጫወቻ ሜዳ ነበር። ቆይቶ አንድ መምህር በሜዳው ዳር ልጆቹ የሚኮተኩቱት መደብ አዘጋጀላቸው። ልጆቹ ሰለቹ። አረሙ በዛ። ወላጆች ገቡበት። ወላጆች ከገቡ በኋላ አጥር መጣ፣ ጎጆ መጣ፣ መተዳደሪያ ደንብ መጣ።

ደንቡን ሳያነቡ ዶማ አይንኩ። በ1983 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር፣ ጎጆው ከነበረንዳው ከ24 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ጎጆው ውስጥ ኑሮ መመሥረት አይቻልም። አትክልትና ፍራፍሬስ? እኛና ላይፕዚግ እህት በሆንንበት በዚያው በ2004 የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ፣ በመደበኛው ሲሶው መሬት የሚበላ ነገር ይብቀልበት ብሏል። አበባ ብቻ ተክሎ ወንበር ላይ የሚጋደም ሰው ሕግ ጥሷል ማለት ነው።

ለእርስዎ ግን ይህ የተሰናዳ ዕድል ነው። ሲሶውን ጎመን ይዝሩት። ጥግ ላይ ጤና አዳም ይትከሉ፤ ለዚያ ለአበባው ቡና ያስፈልግዎታል። ጎረቤትዎ ቁጥቋጦ አጥሩን በሜትር እየለካ ሲያጥር ያገኙታል፤ በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ መቆም እንዳለበት ደንቡ ውስጥ ተጽፏል። ሜትሩን ጫፉ ላይ ይያዙለት። ወዳጅነት እዚያ የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ «እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው» የሚባል መግቢያ የለውም። በሁለተኛው ክረምት አንድ ጆንያ ድንች በርዎ ላይ ተቀምጦ ያገኛሉ፤ ማን እንዳስቀመጠው አይጠይቁ።

ማኅበሩ በዓመት ለተወሰነ ሰዓት የጋራ ሥራ ያስወጣዎታል፤ የቀረ ይከፍላል። ስብሰባ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። በብዙዎቹ ማኅበራት ቀትር ላይ፣ በእኛ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማሽን ማስነሳት ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ሰምተው «ምን ዓይነት እረፍት ነው?» የሚሉ ከሆነ እድር ገብተው አያውቁም። እናቴ አንድ ቀን በስልክ ሳስረዳት አቋርጣኝ፣ «ሲሞቱስ ድንኳን ይተክላሉ?» አለችኝ። አይተክሉም። የጎደላቸው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ሐይቁ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንዴ መምከር ጀምሬአለሁ። ከከተማዋ በስተደቡብ የከሰል ማዕድን ሲቆፈርበት የኖረ ጉድጓድ በውኃ ተሞልቶ በ2000 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ኮስፑደን ይባላል። አሸዋው ነጭ ነው፣ ውኃው ጥሩ ነው። ከዳርቻው አንዱ ክፍል ላይ «ኤፍ ካ ካ» የሚል ምልክት አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕዝብ እንደ አዳምና ሔዋን ነው፤ በለሷ ሳትበላ በፊት እንደነበሩት። አያቶች አሉ፣ የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ አሉ። ተሳስተው ከገቡ አይሩጡ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚያሳፍረው ሱሪ ለብሶ መሮጥ ነው። ጋዜጣውን ይመልከቱ። ሳውናም ቤት ሕጉ ያው ነው፤ ወንድና ሴት አንድ ክፍል፣ ዋና ልብስ ክልክል፣ ፎጣ ከሥር ግዴታ። አንድ ሠራተኛ ፍሙ ድንጋይ ላይ ውኃ ያፈስና እንፋሎቱን በፎጣ እያራገበ ያጥንዎታል። ሲጨርስ ሁሉም ያጨበጭባል። ጌቫንትሃውስ ውስጥ ያፈኑትን ጭብጨባ እዚህ ያውጡት።

በጰራቅሊጦስ ሰሞን ከሄዱ ደግሞ ከተማው በሙሉ ጥቁር ለብሶ ያገኙታል። ሐዘን አይደለም፤ እባክዎ ማንንም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንዳይሉ። ከ1992 ጀምሮ የጎቲክ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት በዓል ነው። ጥቁር ዳንቴል ለብሳ፣ ጥቁር ጥላ ይዛ፣ መናፈሻው ሣር ላይ የፖም ኬክ የምትቆርስ ሴት ካዩ ሰላም ይበሏት። ትሑቶች ናቸው፤ ትራም ውስጥ ለሽማግሌ ይነሳሉ።

እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፣ የሣር ማጨጃው ዝም ይላል፣ ግድግዳ አይበሳም። እሑድን በጸጥታ ይለፉት። ሰኞን ግን በአክብሮት ያስቧት። በ1980ዎቹ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ሰኞ፣ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ስለ ሰላም ይጸለይ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 1989፣ ሰኞ፣ ከጸሎት የወጣው ሕዝብና ውጭ የጠበቀው ተደምሮ 70,000 ያህል ሰው አውራ ጎዳናውን ዞረ። የያኔው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ወታደርና ፖሊስ አዘጋጅቶ ነበር። ያኔ የጌቫንትሃውስ መሪ የነበረው ኩርት ማዙር ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ያዘጋጀው ለረጋ ንግግር የቀረበ ጥሪ በከተማው ድምፅ ማጉያ ተነበበ። ጥይት አልተተኮሰም። ልክ በወሩ፣ ኅዳር 9፣ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በየሳምንቱ በተያዘለት ሰዓት በመገኘት ብቻ መንግሥት እንደሚነቃነቅ ያየ ሕዝብ፣ እርስዎ አምስት ደቂቃ ሲያረፍዱ ለምን ትክ ብሎ እንደሚያይዎት አሁን ይገባዎታል።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የማድረግ ጊዜ ካለዎት ዓርብ ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ከ1212 ጀምሮ ያልተቋረጠ የወንድ ልጆች መዘምራን እዚያ ይዘምራል፤ ባኽ ከ1723 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1750፣ ያሠለጠነው ይህንኑ ቡድን ነበር። አጽሙም አሁን እዚያው መቅደሱ ፊት፣ ወለሉ ሥር ነው። መግቢያው ጥቂት ዩሮ ነው፤ ከረሜላዎን አስቀድመው ይላጡ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹም እረፍት ስለሚወጡ ቀኑን አረጋግጠው ይሂዱ። ሰዓቱ 18:00 ይላል፤ በእኛ አሥራ ሁለት ነው። ለእርስዎ ግን አሥራ አንድ ተኩል እንደሆነ አድርገው ይያዙት።