ከሚዛኑ በፊት

ከውፍረት ስፔሻሊስቱ ጋ የተቀጠርኩት ለሐሙስ ነው። ዝግጅቱ ግን ሰኞ ተጀመረ፤ የሠላሳ ዓመት ክምችት በሦስት ቀን ሊራገፍ መሆኑ ነው።

«የሳምንት ምግብህን ጽፈህ ና» ተብያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በላሁ፤ ጽሕፈቱ ረቡዕ ከሰዓት አለቀ። «ቁርስ፦ ትንሽ ፍርፍር።» ትንሽ ማለት በእኛ ቤት ትሪው እስኪታይ ነው። ጉርሻ አልመዘገብኩም፤ በሰው እጅ የገባ በእኔ ሒሳብ አይያዝም። ረቡዕና ዓርብን «ጾም» ብዬ አሰመርኩባቸው። በያይነቱው የዋኘበትን ዘይት ማን ይጠይቃል?

ውፍረት የሚለካበትን ቀመርም አጠናሁ። ቁመት በሜትር በራሱ ይባዛል፤ ኪሎ ለውጤቱ ይካፈላል። 25 ከደረሰ ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30 ከደረሰ ውፍረት ነው። 88 ኪሎዬን በ1.70 ሜትር ብሠራው 30.4 መጣ። በ1.72 ስሠራው 29.7! በሁለት ሳንቲ ሜትር ውሸት ተፈወስኩ። ስንቱ ጂም ውስጥ ላቡን ያፈሳል፤ ለካ መድኃኒቱ ተረከዝ ኖሯል።

ለማረጋገጥ፣ ማታ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ጋ ሄጄ ወጣሁበት። ልጁ ቁጥሩን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ተመችቶዎታል!»

ሐኪሙ በሽታ የሚለውን ሰፈሬ ምርቃት ይለዋል። ደስ ብሎኝ ከሒሳቡ በላይ ጉርሻ ሰጠሁት። ይህችን ጉርሻ ግን በደብተሬ አሰፈርኳት፤ በሳምንቱ ውስጥ ከእኔ የወጣች ብቸኛዋ ጉርሻ እሷ ናትና።