ክር የማይይዝ ጫማ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለእህቴ ልጅ ሽምግልና ተላክሁ። አራት ነበርን፤ ሦስቱ አጎቶቼ ናቸው፣ በዕድሜ ትንሹ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት አለባበሱ ይታያል። ጋቢዬን እናቴ ናት ፈትላ ያሸመነችልኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ለብሼው ዛሬም እንደ አዲስ ይሞቃል። ኮቴን ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ በልኬ ሰፍቶልኛል። የጎደለኝ ጫማ ብቻ ስለነበር በዋዜማው መርካቶ ሄድኩ።

ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን ናቸው። በአንደኛው ቡናማ የቆዳ ጫማ አነሳሁና ዋጋውን ጠየቅኩ፤ 2,100 ብር። የየት አገር እንደሆነ ስጠይቅ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአገር ውስጥ ነው» አለኝ፤ ጥፋቱን የሚናዘዝ ሰው ይመስል ነበር። በሁለተኛው ሱቅ ያለው ወጣት ግን ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጫማ አንስቶ «የውጭ ነው ጋሼ፣ አበሻ የነካው አይደለም!» አለኝ ጮክ ብሎ። 900 ብር። 1,200 ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝና ገዛሁ። «አበሻ የነካው አይደለም» የሚለው ቃል ያን ዕለት ጆሮዬን አልቆረቆረውም። ዛሬ ሳስታውሰው ከደረሰብኝ ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። የልጅቱ ወላጆች ቤት ከታክሲ መውረጃው ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ግራ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሶሉ ከፊት በኩል ተላቋል። ብዙም ሳልራመድ እስከ መሀሉ ተከፈተ። ታላቁ አጎቴ ዞር ብለው አዩና «አንተ ልጅ፣ ሰዎቹ እኮ እየጠበቁን ነው» አሉኝ።

ጥግ ላይ ላስቲክ ወጥሮ የተቀመጠ ሊስትሮ አገኘን። ልጁ ጫማዬን ተቀብሎ ወስፌውን ሰካበት። ወስፌው የገባበት ቦታ ተቀደደ። ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ሞከረ፤ እሱም ተቀደደ። ከዚያ አገላብጦ አሳየኝ፤ ከላይ ስስ የላስቲክ ሽፋን፣ ከሥሩ ጨርቅ፣ ከውስጥ ውኃ የጠጣ ካርቶን። «ጋሼ፣ ይሄ ክር አይይዝም። ቆዳ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ሰፍቼ እሰጥዎት ነበር። ማስቲሽም እርጥብ ላይ አይጣበቅም» አለኝ። የሚችለውን አደረገ፤ በሲባጎ ጠፍሮ አሰረልኝ።

ከቀጠሯችን አርባ ደቂቃ አርፍደን ደረስን። አጎቴ ከሰላምታ ቀጥሎ ያወጡት ቃል ይቅርታ ሆነ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ በይቅርታ ሲጀምር ነገሩ ከወዲሁ ይከብዳል። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ እግሬን አይተው እንዳላዩ አለፉኝ፤ ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን። ስንመለስ አጎቴ አልተቆጡኝም። «የሰው ደጅ የሚረግጥ ሰው በሚያምነው ጫማ ይሄዳል» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

ጫማውን ይዤ ወደ ሱቁ ብመለስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ሻጩን ልቆጣው ብልም እሱም የሠራውን ሰው አያውቀውም። ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ፣ ማን ሶሉን እንደለጠፈው የሚነግረኝ ሰው በአገሩ የለም። ነገሩ ውስጤ የገባው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቤ ሄዷል፤ ጥፋቱን ግን ወስጄ የማስረክበው ሰው አጣሁ።

ሊስትሮው የጠቆመኝ አንድ ጫማ ሠሪ ነበሩ። መርካቶ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ጠባብ ደረጃ ወጥቼ አገኘኋቸው። ክፍሉ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ሞልቶታል፤ ግድግዳው ላይ የእንጨት ፎርማ በየቁጥሩ ተደርድሯል። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈው እግሬን አስረገጡኝና ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ። «ቀኝዎ ከግራዎ ትንሽ ይሰፋል፤ ማንም ነግሮዎት አያውቅም?» አሉኝ። አርባ ስድስት ዓመት ስኖር ማንም አልነገረኝም።

እየሠሩ አወጉኝ። ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ከፋብሪካ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የጫማ ፋብሪካዎች ያቆሙት በፈረንጆች 1930ዎቹ መጨረሻ ላይ አርመናውያን ነጋዴዎች ናቸው። እዚያ እጃቸውን ያፍታቱ ሠራተኞች እየወጡ በመርካቶ ዙሪያ የየራሳቸውን ትንንሽ ቤት ከፈቱ፤ የመርካቶ ጫማ ሠሪ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ዘጉ። እኚህ ሰውም የስፌት መኪናቸውን ሸጠው ሁለት ዓመት የቀን ሥራ ሠሩ። ኋላ ገዢው የመጣው ጫማ እንደማይበረክት በእግሩ ሲያየው፣ እነሱም ቅርጻቸውን ሲያሻሽሉ፣ ገበያው ቀስ በቀስ ተመለሰ። «መኪናዬን መልሼ የገዛሁት በእጥፍ ነው» አሉኝ።

ጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ ማኅተም አየሁ። አንስቼ ሳነበው «ሜድ ኢን ኢታሊ» ይላል። ቀና ብዬ አየኋቸው። አልደበቁኝም። «አንድ ጊዜ የራሴን ስም አትሜበት ነበር። ሦስት ወር ሱቅ ተቀምጦ ተመለሰልኝ። ያንኑ ጫማ በዚህ ማኅተም ብልከው በሳምንት አለቀ። ምን ላድርግ፤ ልጆች አሉኝ» አሉ። ሐሰት ሐሰት ነው፤ ግን ያን ማኅተም እጃቸው ላይ ያስቀመጥነው እኛ ገዢዎች ነን። እኔም «የውጭ ነው» ሲባል ቦርሳዬን የከፈትኩ ሰው ነኝ።

ለአገር ሰው እጅ ሥራ ያለን ይህ ንቀት ከቻይና ጫማ ጋር የመጣ አይደለም፤ የቆየ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ቀንሶ ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ ግን «አበሻ የነካው አይደለም» ሆኖ ይሸጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ።

ወርቅ ያልኩት ለማስዋብ አይደለም። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት መሥሪያ በዓለም የታወቀ ነው፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በስሙ ይጠራል። ልጅ ሳለሁ የፋሲካ ጠዋት «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» የሚለው ድምፅ ገና በጉ ተገፎ ሳያልቅ ከበር ይደርስ ነበር፤ እናቴም ከሌጦው ሽያጭ ለእኛ የምትሰጠን አታጣም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ስለወደቀ በበዓል ማግስት ሌጦው በየቆሻሻ ገንዳው ተጥሎ ይሸታል። ሌጦውን ጥለን ካርቶን በእግራችን ማጥለቃችን ያሳዝነኛል።

እውነቱ ሁሉ አንድ ወገን ነው አልልም። ጫማ ሠሪው የሚጠቀሙበት ሶልና ማስቲሽ ከውጭ የመጣ ነው፤ ራሳቸው ነገሩኝ። ልጁ ባዶ እግሩን ትምህርት ቤት እንዳይሄድ አቅሙ የፈቀደውን ርካሽ ጫማ የሚገዛ አባትም አይወቀስም። የአገር ውስጥ ሥራም ጉድለት አለው። የእኔ አዲሱ ጫማ እንኳ የቀኝ እግሬን ትንሽ ጣት ቆነጠጠኝ። ግን ይዤው ያንኑ ጠባብ ደረጃ ወጣሁ። ጫማ ሠሪው ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱት፣ ፎርማ ላይ አሳድረው በማግስቱ ሰጡኝ፤ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ከስንብት በፊት ውስጡ ላይ ማኅተሙን እንዳያደርጉበትና ስማቸውን እንዲጽፉበት ለመንኳቸው። ጥቂት አሰቡና በብዕር ጻፉት። ለጫማው መጀመሪያ የከፈልኩት 2,300 ብር ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዝናቡ እንደዚያው ነበር። ጭቃውን ረገጥኩት፣ ካልሲዬ ደረቅ ሆኖ ገባሁ። ልጅቱን ሰጡን። ሠርጉ በጥር ሆነ፤ ያንኑ ጫማ አድርጌ ዋልኩ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ጊዜ ታኮውን አስቀይሬዋለሁ፤ የቀየረልኝም ያው ሊስትሮ ነው፤ ወስፌው ገባ፣ ክሩም ያዘ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጫማ ስትገዙ ገልብጡት። ማን ሠራው፣ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል ብላችሁ ጠይቁ። አቅማችሁ ከፈቀደ ደጁን የምታውቁትን ሰው ሥራ ግዙ፤ ጉድለት ካለው ተመልሳችሁ ንገሩት፣ ያሻሽለዋልና። ሻጩ «የአገር ውስጥ ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግም «እሱን ነው የምፈልገው» በሉት፤ ጎረቤቱ እንዲሰማ አድርጋችሁ።