የሾዋክ መንገድ ሥርጭት

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ምልክቱን ያለ ሽቦ አትላንቲክን ያሻገረበትን ተአምር፣ ከገዳሪፍ በሾዋክ አድርጎ ወደ ከሰላ የሚወጣ የሐበሻ ሾፌር ዛሬ በሲጋራ መለኰሻው ቀዳዳ በምትሰካ፣ አውራ ጣት በምታክል መሣሪያ እጅግ አልቆታል፤ የሞባይሉን ዘፈን ወደ ኤፍ ኤም ሞገድ ለውጣ፣ ክንድ ለማይርቀው ለገዛ ሬዲዮው ታሰራጭለታለችና። መሐሙድ አሕመድ ስንኙን ሳይጨርስ ስልክ የተደወለ እንደ ሆነ፣ የሾፌሩ ባለቤት ቃል ከአራቱም ማእዘን ይሰማና፣ ማኅበረ ተሳፋሪው የሽንኩርቱን ማለቅ በአንድ ልብ ይረዳል። በዚያው ሞገድ የሚያሰራጭ ሌላ መኪና በቀረበ ጊዜ ግን ትዝታው በሱዳን ዘፈን ይወረራል፤ ሾፌራችንም ስለ ሉዓላዊነቱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ያኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ለየመኪናው አንድ አንድ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሊቋቋምለት ይገባል፤ ያንኑ ሥራ በአንድ ክንድ ገመድ እፈጽማለሁ የሚል መናፍቅ ቢገኝ በእግሩ ይሂድ።